የትምህርት ቤቱ ትርፍ በማን እጅ ነው? የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊው ሥራና ችሎታ

ትምህርት ቤት ለመክፈት ወይም የተከፈተ ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቦታው የት ነው? ግቢው ስንት ካሬ ነው? ስንት ተማሪ አለው? የወር ክፍያው ስንት ነው? ርዕሰ መምህሩ ማነው? ደላላውም የሚያቀርበው መረጃ ከዚህ ብዙ አያልፍም። የተማሪውን ቁጥር በወር ክፍያው ያባዛና «ገቢው ይህን ያህል ነው» ይላል። ገንዘቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚፈርምበትና ማን እንደሚቆጣጠረው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ችግር ከደረሰ በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብቱ በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ ከአፀደ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ የግል ት/ቤቶች በአዲስ አበባ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ሆነዋል። በዚህ ዘርፍ ስለ መምህራንና ስለ ሕንፃ ብዙ ይነገራል። የት/ቤቱን ገንዘብ፣ ግዥ፣ ንብረትና ሠራተኛ ስለሚያስተዳድረው ሰው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ይህን ሥራ ለዘመድ ይሰጡታል። አንዳንዶቹ በርዕሰ መምህሩ ላይ ይደርቡታል። ሌሎች ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጥ ገንዘብ ያዥ ከቀጠሩ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሥራው ግን ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከሂሣቡ መነሣት ይቀላል።

በወረቀት ላይ የሚያተርፍ ት/ቤት

ለምሳሌ ያህል 500 ተማሪዎች ያሉት፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ በወር 4,000 ብር የሚያስከፍል ት/ቤት አለ እንበል። ክፍያው የ10 ወር ስለሆነ ዓመታዊ ገቢው 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የወር ወጪው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊዮን ብሩ ደመወዝ ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲታከልበት 1 ሚሊዮን 110 ሺህ ብር ይደርሳል። ቀሪው 490 ሺህ ብር ለቤት ኪራይ፣ ለውኃና መብራት፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለጽሕፈት መሣሪያና ለጥገና ይውላል። ደመወዝና ኪራይ ክረምት ሆነ ተብሎ ስለማይቀር ወጪው የ12 ወር ነው። በዓመት 19 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ማለት ነው። ስለዚህ ከግብር በፊት የሚተርፈው 800 ሺህ ብር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ትርፉ የተንጠለጠለው በጥቂት ተማሪዎች ላይ መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ በዓመት 40 ሺህ ብር ይከፍላል። 19 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ለ40 ሺህ ሲካፈል 480 ይመጣል። ይኸውም 480ኛው ተማሪ እስኪመዘገብ ድረስ ት/ቤቱ የሚሠራው ወጪውን ለመሸፈን ነው፤ የዓመቱ ትርፍ በሙሉ የመጨረሻዎቹ 20 ተማሪዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ነው። 40 ተማሪዎች ቢለቁ ገቢው በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይቀንስና ት/ቤቱ 800 ሺህ ብር ይከስራል። ተማሪዎቹ የሚለቁት ከአንድ ክፍል ተሰብስበው ሳይሆን ከየክፍሉ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እየሆኑ ስለሆነ የመምህራኑ ቁጥር አይቀንስም። 37 ተማሪ ያለበት ክፍልም 40 እንዳለበት ክፍል ሁሉ መምህር ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። ወላጆች በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም በመስከረም፣ በኅዳር፣ በየካቲትና በሚያዝያ የሚከፍሉ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር 5 ሚሊዮን ብር ይገባል። መስከረምን ከባዶ ካዝና የጀመረው ት/ቤት በሚያዝያ መጨረሻ የወሩን ወጪ ከፍሎ በባንክ 7 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይኖረዋል። ይህን የሚያይ ባለቤት ት/ቤቱ እጅግ አትርፏል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ 6 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሩ የግንቦት፣ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወጪ ነው። ባለቤቱ በሚያዝያ 3 ሚሊዮን ብር አውጥቶ ለሌላ ንግድ ወይም ለመኪና ካዋለው፣ ሐምሌ ሲያልቅ ካዝናው 600 ሺህ ብር፣ ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይጎድለዋል። ይህ የሚሆነው ቀለም የሚቀባበት፣ ወንበር የሚጠገንበትና መጻሕፍት የሚገዛበት ወቅት ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በወለድ መበደር ወይም የመምህራንን ደመወዝ ማዘግየት ነው። ደመወዝ ከዘገየ ደግሞ ጥሩ መምህር ይለቃል፤ መምህሩን ተከትሎም ተማሪ ይለቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የሰረቀ ሰው የለም። ትምህርቱም አልተበላሸም። የጎደለው በሚያዝያ ወር «ይህ ገንዘብ የክረምት ነው» ብሎ ባለቤቱን የሚያስቆም ሰው ነው።

ሙያው ስም ያገኘበት አገር

ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ከቆየባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ ያሉት የሕዝብ ት/ቤቶች ወደ 13 ሺህ በሚጠጉ ዲስትሪክቶች ተከፋፍለው ይተዳደራሉ። በአብዛኞቹ ዲስትሪክቶች ሕዝብ የመረጠው ቦርድ አለ። ቦርዱ ሱፐርኢንተንደንት የሚባለውን ዋና ኃላፊ ይቀጥራል። ከዚህ ኃላፊ ቀጥሎ የገንዘቡንና የአስተዳደሩን ሥራ የሚይዘው የቢዝነስ ኃላፊው ነው። የሙያው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስሙ የት/ቤት ሂሣብ ሹማምንት ብሔራዊ ማኅበር የሚል ነበር። በጊዜ ብዛት «ሂሣብ» የሚለው ቃል ጠበበና «ቢዝነስ» በሚለው ተተካ። የስሙ መለወጥ የሥራውንም መለወጥ ያሳያል። መዝገብ ያዥ የነበረው ሰው ግዥን፣ ሕንፃን፣ ትራንስፖርትን፣ ምግብንና ብድርን ጭምር የሚመራ ሆነ።

እንደ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ኢሊኖይ ባሉ ክፍላተ አገር ሥራው ከክፍለ አገሩ የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሂሣብ ያወቀ ሁሉ የት/ቤት ገንዘብ መምራት ይችላል ተብሎ አይታሰብም። ስለ ት/ቤት ሕግ፣ ስለ ሠራተኛ አስተዳደርና ስለ በጀት መማር ግዴታ ነው።

ሥራው በየዘርፉ ሲታይ

የመጀመሪያው ሥራ በጀት ነው። በአሜሪካ ት/ቤቶች ከዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ከአምስቱ እጅ አራቱ ገደማ ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ይውላል። ስለሆነም የት/ቤት በጀት በመሠረቱ የሰው ቁጥር ነው። ስንት ክፍል ይከፈታል? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል? ስንት መምህር ይቀጠራል? እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ከተላለፉ በኋላ ጠመኔና ወረቀት በመቆጠብ የሚድን በጀት የለም። የቢዝነስ ኃላፊው የገንዘብ ሰው ቢሆንም የመምህራን ምደባ ሲነገር ከጠረጴዛው የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ፍሰት ነው። በኒውዮርክ ክፍለ አገር የት/ቤቶች የበጀት ዓመት የሚጀምረው በሐምሌ ወር መግቢያ ገደማ ሲሆን፣ ከነዋሪው የሚሰበሰበው የንብረት ግብር በብዛት የሚገባው ከመስከረም ወዲህ ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ዲስትሪክቶች የሚጠበቀውን ግብር መያዣ አድርገው የአጭር ጊዜ ብድር ሰነድ ለገበያ ያቀርባሉ። ለሕንፃ ግንባታ ደግሞ የረጅም ጊዜ ቦንድ ይሸጣሉ። የቦንዱን ወለድ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የዲስትሪክቱ ሂሣብ አያያዝ ነው። መዝገቡ የተስተካከለና መጠባበቂያ ያለው ዲስትሪክት በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል። የቢዝነስ ኃላፊው ጥራት በቀጥታ በገንዘብ የሚለካበት አንዱ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ግዥ ነው። ነዳጅ፣ ወንበር፣ ወረቀት፣ ኮምፒውተር፣ የጽዳት ዕቃና የምግብ ጥሬ ዕቃ በብዛት የሚገዛው በጨረታ ነው። ጥሩ ኃላፊ ዕቃውን በፋብሪካ ስም ሳይሆን በዝርዝር መግለጫ ይጠይቃል። የብረቱ ውፍረት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የዋስትናው ዘመንና የማስረከቢያው ቀን ተለይተው ይጻፋሉ። መግለጫው የላላ ከሆነ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፍና ወንበሩ በዓመቱ ይሰበራል። መግለጫው አንድን አቅራቢ ብቻ እንዲመስል ተደርጎ ከተጻፈ ደግሞ ጨረታው ለይስሙላ ይሆናል።

አራተኛው አገልግሎት ነው፤ ይህም ምግብን፣ ትራንስፖርትንና ሕንፃን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1946 በሕግ በተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የት/ቤት ምሳ ፕሮግራም የፌዴራሉ መንግሥት ለት/ቤቱ የሚተካው ገንዘብ የሚሰላው በቀረበው ምሳ ቁጥር ነው። ስለዚህ ምሳው በትክክል ካልተቆጠረ ገንዘቡ ይቀራል፤ ከልክ በላይ ከተቆጠረ ደግሞ ተጠያቂነት ያመጣል። ከወጥ ቤቱ የሚወጣ አንድ ሰሃን ለቢዝነስ ኃላፊው አንድ የሂሣብ ሰነድ ነው።

ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ችሎታ

ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ችሎታዎች የመጀመሪያው መተንበይ ነው። የነገውን ተማሪ ቁጥር ለመገመት ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ስንት ተማሪ እንደሚያልፍ ለተከታታይ ዓመታት መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ነው። አምና በአፀደ ሕፃናቱ የመጨረሻ ደረጃ 60 ልጆች ነበሩ፤ ከነዚህ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገቡት 51 ናቸው እንበል። ይህ 85 በመቶ ነው። በየዓመቱ ተመሳሳይ ሆኖ ከቀጠለና የዘንድሮዎቹ ሕፃናት 50 ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል የሚገቡት 42 ወይም 43 ናቸው። ሁለት ክፍል ከመክፈት በፊት ይህን ማወቅ የአንድ መምህር የዓመት ደመወዝ ያድናል። የ15 በመቶው መልቀቅ ምክንያቱ ምን እንደሆነ መጠየቅም የዚሁ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችሎታ ወጪን ከፋፍሎ ማየት ነው። አንድ የተማሪዎች ማመላለሻ አውቶቡስ ለሾፌር፣ ለረዳት፣ ለነዳጅ፣ ለጎማና ለኢንሹራንስ በወር 60 ሺህ ብር የሚያስወጣ ቢሆንና አንድ ልጅ 2,500 ብር ቢከፍል፣ መኪናው ራሱን የሚችለው በ24 ልጆች ነው። 18 ልጆች ብቻ ከተሳፈሩበት በየወሩ 15 ሺህ ብር ይከስራል። አጠቃላይ ሂሣቡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ምክንያቱም የአውቶቡሱ ኪሣራ በትምህርት ክፍያው ትርፍ ተሸፍኖ ይቀራል። ዕውቀት ያለው ኃላፊ ሁለት መስመሮችን ያዋሕዳል፣ የመነሻ ሰዓቱን ያስተካክላል ወይም ወንበሩ እስኪሞላ ምን ያህል እንደሚጎድል ለባለቤቱ በቁጥር ያሳያል።

ሦስተኛው ማስረዳት ነው። ይህ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባንክ ሠራተኛ፣ ከግብር መርማሪ፣ ከመምህር፣ ከወላጅና ከወንበር ሠሪ ጋር ይነጋገራል። በአዲስ አበባ የክፍያ ጭማሪ ከወላጆች ጋር የሚያነጋግር፣ የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣንም የሚከታተለው ጉዳይ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ኑሮ ተወደደ» ብቻ ብሎ የሚነሣ ት/ቤት ተቀባይነት አያገኝም። ከእያንዳንዱ 100 ብር ክፍያ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለኪራይ፣ ስንቱ ለመማሪያ ዕቃ እንደሚውል በአንድ ገጽ የሚያሳይ ኃላፊ ያለው ት/ቤት ግን ቢያንስ ይደመጣል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው እምቢ ማለት ነው። ለባለቤቱም ሆነ ለርዕሰ መምህሩ «ለዚህ በጀት የለም» ወይም «ደረሰኝ ሳይቀርብ አይከፈልም» ለማለት የሚደፍር ሰው ካልሆነ የቀሩት ችሎታዎች ሁሉ አይጠቅሙም። ይህ ድፍረት ግን ከጠባይ ብቻ አይመጣም። አሠራሩ ሊደግፈው ይገባል።

የሮዝሊን ትምህርት

አሠራር ሲላላ ምን እንደሚከተል ለማሳየት በሙያው ዘንድ ከሚጠቀሱት ጉዳዮች አንዱ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የሚገኘው የሮዝሊን ዲስትሪክት ነው። ዲስትሪክቱ ሀብታም ነዋሪዎች ያሉበትና ተማሪዎቹ በታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የዲስትሪክቱ የቢዝነስ ኃላፊ ገንዘብ ማጉደሏ ታወቀ። ቦርዱ ጉዳዩን ለፖሊስ ከማሳወቅ ይልቅ 250 ሺህ ዶላር መልሳ በጸጥታ ሥራዋን እንድትለቅ አደረገ። የት/ቤቱ ስም እንዳይጎድፍ በሚል የተሸፈነው ነገር በ2004 ፈነዳ። ወሬውን ቀድመው ካወጡት መካከል የት/ቤቱ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ይገኝበታል።

የክፍለ አገሩ ዋና ኦዲተር በ2005 ባወጣው ሪፖርት የጎደለው ገንዘብ 11 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር መሆኑን ገለጠ። የቢዝነስ ኃላፊዋና ሱፐርኢንተንደንቱ ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ከውጭ ሆኖ ሂሣቡን ይመረምር የነበረው ኦዲተርም ከተጠያቂነት አላመለጠም። ገንዘቡ የወጣው ካዝና ተሰብሮ ሳይሆን በቼክ፣ በክሬዲት ካርድና በተፈረመ ሰነድ ነበር። ማዘዝ፣ ማጽደቅ፣ መክፈልና መመዝገብ እርስ በርስ በሚተማመኑ ጥቂት ሰዎች እጅ ገብተው ነበር። ቦርዱ ደግሞ የተማሪዎቹን ውጤት እያየ ሂሣቡን ሳይመረምር ያሳልፍ ነበር።

ክፍለ አገሩ ከዚህ በኋላ በ2005 ሕግ አወጣ። የዲስትሪክት ቦርድ አባላት ስለ ገንዘብ ቁጥጥር የ6 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ፣ የኦዲት ኮሚቴ እንዲቋቋምና የውጭ ኦዲተር በውድድር እንዲመረጥ ተደነገገ። በኒውዮርክ ዲስትሪክቶች ሂሣብ ከመከፈሉ በፊት የሚመረምር ሠራተኛም ይሾማል፤ ይህ ሰው የቢዝነስ ኃላፊው፣ ገንዘብ ያዡ ወይም ገዥው ራሱ ሊሆን አይችልም። ሐሳቡ በአማርኛ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ከሚባለው የራቀ አይደለም። ታማኝ ሰው መቅጠር ጥሩ ነው፤ ከዚህ የሚሻለው ግን ታማኙ ሰው ሳይጠረጠር የሚሠራበት፣ ታማኝ ያልሆነውም ለብቻው ሊያወጣ የማይችልበት አሠራር ነው።

የአንድ ጊዜ ገንዘብና የሁልጊዜ ወጪ

ሌላው የቅርብ ጊዜ ትምህርት ከሌብነት ጋር ግንኙነት የለውም። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወጡ ሦስት ሕጎች ለት/ቤቶች ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። የመጨረሻው ድርሻ ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነለት ቀነ ገደብ መስከረም 2024 መጨረሻ ነበር። ገንዘቡን ለአየር ማስተላለፊያ ጥገና፣ ለኮምፒውተርና ለጊዜያዊ ማጠናከሪያ ትምህርት ያዋሉ ዲስትሪክቶች ጊዜው ሲያልቅ ሥራቸውም አብሮ አለቀ። ቋሚ ሠራተኛ የቀጠሩበትና ደመወዝ የጨመሩበት ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ደመወዙ ቀረባቸው፤ ከቅነሳና ከበጀት ጉድለት ጋር ለመጋፈጥ ተገደዱ።

ይህ መርህ ለአዲስ አበባ ባለሀብትም ይሠራል። የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የክረምት ትምህርት ገቢ ወይም የአዳራሽ ኪራይ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ የደመወዝ ጭማሪ መመሥረት አደጋ አለው። በተቃራኒው መጠባበቂያ የሚሠራው ከዚህ ዓይነቱ ገቢ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ት/ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ከወላጅ የሚሰበሰበው ክፍያ ቀነሰ፤ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሠራተኛ ማሰናበት ስለተከለከለ ደመወዙ ግን ባለበት ቀጠለ። የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ያስቀመጠው ከእጅ ወደ አፍ ከሚኖረው የተለየው ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ልብስ ወይም ሲሚንቶ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን በማግስቱ ሊያስተካክል ይችላል። ት/ቤት ግን የዓመቱን ክፍያ ለወላጅ ካስታወቀ በኋላ በመካከሉ ለመጨመር ይቸገራል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ዕቃና ኮምፒውተር መቼ ቢገዛ እንደሚሻል አስቀድሞ ማሰብ የፋይናንስ ኃላፊው ድርሻ ይሆናል።

ገዥና አቅራቢ ምን ይጠይቅ?

ት/ቤት ለመግዛት ወይም በአክሲዮን ለመግባት የሚፈልግ ባለሀብት ከግቢውና ከሕንፃው በተጨማሪ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ የሦስት ዓመት የተማሪ ቁጥር በክፍል በክፍል ተለይቶ ይቅረብለት። ጠቅላላ ቁጥሩ ባይቀንስም ታችኛው ክፍል እየሳሳ ከሆነ ት/ቤቱ ከሥር እየደረቀ ነው።

ሁለተኛ፣ የባንክ ሂሣቡን በየወሩ መጨረሻ ይመልከት። በሚያዝያ ያለው ቀሪ ገንዘብ አያሳስተው፤ የነሐሴውን ይይ።

ሦስተኛ፣ ት/ቤቱ ወጪውን የሚሸፍነው በስንት ተማሪ እንደሆነ ኃላፊውን ይጠይቅ። መልሱን ወዲያው የማያውቅ ኃላፊ ደረሰኝ ሲቆርጥ እንጂ ት/ቤት ሲመራ አልቆየም።

አራተኛ፣ ማን ያዝዛል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይመዘግባል የሚለውን በስም ይጻፍ። አንድ ስም ከሁለት ቦታ በላይ ከመጣ ቀጥሎ መመርመር ያስፈልጋል። ትንሽ ት/ቤት ለአራቱም ሰው መቅጠር አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቼክ በሁለት ፊርማ እንዲወጣና የባንክ መግለጫው በየወሩ ሂሣብ ከማይሠራ ሰው ፊት እንዲከፈት ማድረግ ወጪ የለውም።

አምስተኛ፣ የጡረታ መዋጮና ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብር በወቅቱ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ያገላብጥ። ገንዘብ ያጠረው ት/ቤት ቀድሞ ከሚያዘገያቸው ክፍያዎች አንዱ ይህ ነው። ባለቤትነት ሲተላለፍም ያልተከፈለው ዕዳ ከነቅጣቱ አብሮ እንዳይመጣ አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል።

ለት/ቤት ወንበር፣ ዩኒፎርም፣ መጻሕፍት ወይም ወረቀት የሚያቀርብ ነጋዴም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። በነሐሴ በዱቤ ያስረከበው ዕቃ የሚከፈለው በመስከረሙ ክፍያ ነው። በጽሑፍ የግዥ ትዕዛዝ የሚሰጥ፣ ማረከቢያውን የሚፈርምና የክፍያ ቀን የሚቆርጥ ኃላፊ ባለበት ት/ቤት ዱቤው ዋስትና አለው። ሁሉም ነገር በባለቤቱ ስልክ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ነጋዴው የሚጠብቀው የባለቤቱን ፈቃድ እንጂ የት/ቤቱን ካዝና አይደለም።

ብቃት ያለው የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊ ደመወዙ ቀላል ስለማይሆን ብዙ ባለቤቶች ይህን ቦታ ለመጨረሻ ያቆዩታል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ግን የአንድ ዓመት ትርፍ የ20 ተማሪዎች ክፍያ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች እንዳይለቁ፣ አንድ አውቶቡስ ባዶውን እንዳይመላለስና የሚያዝያው ገንዘብ እስከ ነሐሴ እንዲደርስ ያደረገ ሰው ደመወዙን ከነትርፉ መልሷል።